መገኛነቱን ተውትና እርጥበቱን ለኩት

በየጊዜው አንድ ክርክር ከተቀበረበት ይነሳል። ቡና የተገኘው የት ነው? ካፋ፣ ማንኪራ ነው የሚል አለ። የለም፣ ጅማ ጮጬ ነው የሚል አለ። ከቀይ ባሕር ማዶ ሆኖ «የመን!» የሚልም አልጠፋም። ከዚያ ስድብ ይከተላል፤ ከስድቡ በኋላ የካልዲ ፍየሎች ሥዕል ይለጠፋል፤ መጨረሻ ላይ ሁላችንም ማኪያቷችንን ጨርሰን ወደየቤታችን እንበተናለን። እኔ ዛሬ በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም። (ካፋ ነው። በቃ፣ ጨረስኩ።)

ማውራት የፈለግኩት ስለ አንድ ቁጥር ነው። 12። የካፋ ገበሬ የዓመት ልፋቱ ምን ያህል እንደሚያወጣ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይህ ቁጥር ነው። እኔና እናንተ ጠዋት ጠዋት የምንጠጣው ቡና፣ ቡና ቡና ይሽተት ወይስ እርጥብ ጆንያ ጆንያ ይሽተት የሚወስነውም ይኸው ነው። ግን የቡና መገኛ ነን ብለን ደረታችንን ከምንነፋው ሰዎች መካከል ቁጥሩን የሚያውቀው ስንቱ ነው? እስቲ አጠገባችሁ ያለውን ጓደኛችሁን ጠይቁት። ስለ ካልዲ ፍየሎች ግማሽ ሰዓት ሊያወራችሁ ይችላል። ስለ 12 ግን… ዝም።

12 በመቶ ማለት በደረቀ የቡና ፍሬ ውስጥ እንዲቀር የሚፈቀደው የውኃ መጠን ጣሪያ ነው፤ ከመቶ ኪሎ ውስጥ 12 ኪሎ ውኃ። ከዛፍ ላይ አሁን የተለቀመ ቀይ እሸት ቡና ከክብደቱ ከ60 በመቶ በላይ ውኃ ነው። ይህ ውኃ ተንኖ ፍሬው ከ10 እስከ 12 በመቶ ላይ መድረስ አለበት። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ውሳኔ አባል አገሮች እርጥበቱ ከ8 በመቶ በታች ወይም ከ12.5 በመቶ በላይ የሆነ ቡና ወደ ውጭ እንዳይልኩ መክሯል። ከታችም ከላይም አጥር አለው ማለት ነው። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ነው የሚያውቀው።

ከላይኛው አጥር ሲያልፍ ምን ይሆናል? ቡናው መጋዘን ውስጥ ይሞቃል፣ ይገረጣል፣ ይሻግታል። ጠጪው «አፈር አፈር ይላል» የሚለው ጣዕም ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። ከታችኛው ሲያልፍስ? ፍሬው እንደ ብስኩት ይሰባበራል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ መዓዛው ይደክማል። የወንዙንና የእሳቱን ያህል ርቀት ባላቸው ሁለት ጥፋቶች መካከል ያለችው መንገድ ስፋቷ ጥቂት ቁጥር ብቻ ነው።

ካፋ ላይ ለምን ይከብዳል?

ካርታ ላይ ብቻ የምናውቀውን ካፋ እናስታውስ። የካፋ ዞን ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው፤ ቦንጋም የዞኑ መቀመጫ፣ ከክልሉ መቀመጫዎችም አንዷ ናት። ጫካው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ ከ700 ሺህ ሄክታር ይበልጣል። ቡናው በዚያ ጫካ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ስለዚህ ጫካ ሁላችንም ማውራት እንወዳለን። ጭጋጉ፣ አረንጓዴው፣ ዝንጀሮው… ፎቶ ሲነሳ እንዴት ያምራል መሰላችሁ!

ግን ያው ጫካ፣ ያው ጭጋግ፣ ያው ዝናብ ቡና ለማድረቅ ጠላት ነው። ካፋ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አካባቢዎች አንዱ ነው። እሸቱ ቀልቶ የሚለቀመው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ዝናቡ ግን «የናንተ ለቀማ ደርሷል» ብሎ አይሄድላችሁም። ሐረርጌ ላይ ጣሪያ ላይ ተሰጥቶ የሚደርቅ ቡናና ዴቻ ጫካ ሥር የሚደርቅ ቡና አንድ ዓይነት ፀሐይ አያገኙም። በጥሩ ሁኔታ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወይም የቀርከሃ አልጋ ላይ በስሱ ተሰጥቶ፣ በቀን ብዙ ጊዜ እየተገላበጠ፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ እየተሸፈነ፣ ጀንፈል ለመድረቅ እንደ አየሩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። አልጋው ከሌለና መሬት ላይ ከተሰጣ ከላይ ፀሐይ እያገኘ ከታች ከአፈሩ እርጥበት ይስባል። በላዩ ላይ የአፈሩን ሽታ ይዞ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። ቡና አንዴ ደረቀ ተብሎ ለዘላለም ደረቅ አይደለም። ከአየሩ ጋር ይተነፍሳል። በደንብ ደርቆ 11 በመቶ የደረሰ ቡና እርጥበት ባለበት ጎጆ ውስጥ፣ ጭቃ ወለል ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ከተቀመጠ ውኃውን መልሶ ይጠጣል። ገበሬው ያደረቀውን ቤቱ ያረጥበዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው «ገበሬው ሆን ብሎ አርሶ አመጣ» ለማለት አይቸኩልም።

የውኃው ሒሳብ

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ሒሳብ የሚያስጠላችሁ ሰዎች ትንሽ ታገሱ፤ አራት መደብ ብቻ ነው።

100 ኪሎ ቡና አለ እንበል፤ እርጥበቱ 18 በመቶ። ውስጡ 82 ኪሎ ቡና፣ 18 ኪሎ ውኃ አለ ማለት ነው። ይህ ቡና 12 በመቶ እስኪደርስ ቢደርቅ 93.2 ኪሎ ይመዝናል። 6.8 ኪሎው ተንኖ ይሄዳል። ስለዚህ ፍትሐዊ ገዢ ከመቶው ላይ 6.8 ኪሎ ቢቀንስ ማንም ምንም ሊለው አይችልም። በኪሎ 100 ብር ብንይዘው (ለስሌት ያህል ነው፤ የዛሬ ዋጋ አይደለም) ገበሬው 9,320 ብር ያገኛል።

ሚዛኑ አጠገብ ያለው እውነት ግን ይህ አይደለም። ገዢው እጁን ጆንያው ውስጥ ይከታል፣ ይጨብጣል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይነክሳል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። «እርጥብ ነው» ይላል። ስንት? «እርጥብ ነው አልኩህ እኮ!» ከዚያ 10 ኪሎ ሊቀንስ ይችላል፤ 15 ሊቀንስ ይችላል። 15 ከቀነሰ ገበሬው 8,500 ብር ይዞ ይሄዳል፤ 820 ብር በአንድ ሰው ጥርስና በአንድ ሰው ፊት መጨማደድ ተበላ። ገበሬው ምን ብሎ ይከራከር? በምን ማስረጃ? ጭኖ ያመጣውን መልሶ ተሸክሞ ጫካ ይግባ?

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እዩት። ጎረቤቱ ያለችው ሴት ጠንቃቃ ናት። አልጋ ሠርታ፣ ሸፍና፣ አገላብጣ፣ 10 በመቶ አድርሳ አመጣች። ጥሩ ቡና ነው፤ ከሁለቱም አጥር ውስጥ ነው። የሷ 100 ኪሎ ውስጥ 90 ኪሎ ቡና አለ፤ ወደ 12 በመቶ ብንመልሰው 102.3 ኪሎ ማለት ነው። እንግዲህ ሒሳቡ ሒሳብ ከሆነ 2.3 ኪሎ ሊጨመርላት ይገባል። «እሜቴ፣ ቡናሽ ከሚጠበቀው በላይ ደረቅ ስለሆነ ይኸው 230 ብር ጭማሪ» የሚል ነጋዴ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ስሙን ላኩልኝ፤ ሐውልት እናቆምለታለን።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያላደረቀው በግምት ይቀጣል፤ በደንብ ያደረቀችው ደግሞ በዝምታ ትቀጣለች። ሁለት ሳምንት የለፋችበትን ድርቀት ለገዢው በነፃ ሰጠችው። በሚቀጥለው ዓመት ምን ታደርጋለች? ሞኝ ናት እንዴ? በጊዜ ታነሳዋለች! ትንሽ ውኃ ትቶ መሸጥ አዋጭ ሆኖ ሳለ «ገበሬው ስለ ጥራት ግንዛቤ የለውም» ብሎ የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ ማካሄድ ቀልድ ነው። ገበሬው ግንዛቤ አለው። ችግሩ እኮ ግንዛቤ ያለው መሆኑ ነው። ሚዛኑ ውኃን እንደ ቡና እንደሚከፍል ገብቶታል።

«ግን እኮ…»

ይህን ስል የሚመጡትን መልሶች አውቃቸዋለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው፦ «አባቶቻችን በጥርስና በጆሮ ነበር የሚያውቁት፤ ጀንፈሉን ሲያንኳኩት ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል፣ ያኔ ደርቋል ማለት ነው። መሣሪያ ምን ያደርጋል?» አባቶቻችንን አከብራለሁ። ጀንፈል ሲደርቅ መንኳኳቱ እውነት ነው፤ ብዙ ዓመት የለፋ ሰው ጥርሱም እውነት ይናገራል። ግን ጥርስ «እርጥብ» እና «ደረቅ» ይላል እንጂ 12ን ከ14 አይለይም። ብር የሚቆረጠው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ጥርስ ምስክር አይሆንም። የገዢው ጥርስ «እርጥብ ነው»፣ የሻጩ ጥርስ «ደረቅ ነው» ካለ የማንኛው ጥርስ ያሸንፋል? ብር የያዘው ሰው ጥርስ ነዋ! ቁጥር የሚያስፈልገው ገበሬው ስለማያውቅ አይደለም፤ የሚያውቀውን የሚያስረዳበት ማስረጃ ስለሌለው ነው።

ሁለተኛው፦ «ይለካ የለም እንዴ? ምርት ገበያው ይለካል፣ የጥራት ምርመራ ይለካል፣ ላኪውም ይለካል።» ልክ ነው፣ ይለካል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በቀጣዩ ዓመት ቡና ሲገባበት፣ ቦንጋ ላይም የቡና መቀበያ መጋዘን ሲከፈት፣ ናሙና መውሰድ፣ እርጥበት መለካት፣ መቅመስና ደረጃ መስጠት የተለመደ አሠራር ሆነ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ መካድ አያስፈልግም። በ2000 የወጣው የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602 ተሻሽሎም በ2009 አዋጅ ቁጥር 1051 መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚገበያዩበት መንገድ ተከፈተ። ጥሩ። ግን በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ መለኪያው የሚቆመው የት ነው? መጋዘን በር ላይ። ገበሬው ግን ቡናውን የሸጠው ከዚያ በፊት ነው፤ በመንደር፣ ለሰብሳቢ፣ በጥርስ። መሣሪያው የሚያገለግለው በአቅራቢና በገዢ መካከል ያለውን ክርክር ለመፍታት ነው። የመጀመሪያው ሽያጭ፣ ደካማው ወገን ያለበት ሽያጭ፣ አሁንም በጨለማ ነው።

ሦስተኛው፦ «መሣሪያ ውድ ነው፤ ገበሬው አይችለውም።» ማን ገበሬው ይግዛ አለ? ሚዛን ገበሬው ነው እንዴ የሚገዛው? ሚዛን የሌለው ቡና ገዢ ፈቃድ እንደማይገባው ሁሉ እርጥበት መለኪያ የሌለውም አይገባው። በእጅ የሚያዝ መለኪያ ለአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የማይደረስበት ዕቃ አይደለም፤ ቡናውን ጭኖ ከሚሄደው የጭነት መኪና ጎማ ጋር አወዳድሩትና ፍረዱ።

ለእውነት ግን እኔም አላጋንን። መሣሪያው አምላክ አይደለም። ለቡና ያልተስተካከለ መለኪያ፣ ለምሳሌ ለስንዴ ወይም ለበቆሎ የተሞላ፣ ቡና ላይ ይዋሻል። ጀንፈል ላይም በቀጥታ ቢደረግ ገለባው ያሳስተዋል፤ አንድ ሁለት እፍኝ ፈልፍሎ ፍሬውን መለካት ያስፈልጋል። ከጆንያው አናት ብቻ ናሙና መውሰድም ማታለያ ነው፤ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች መወሰድ አለበት። መሣሪያው ራሱ በየጊዜው መፈተሽ አለበት፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቡናውን በ105 ዲግሪ ምድጃ አድርቆ የጠፋውን ክብደት በመለካት ይፈተሻል። ሚዛን ማኅተም እንዳለው ሁሉ ይህም ማኅተም ይኑረው። አለዚያ በጥርስ መዋሸትን በስክሪን መዋሸት ይተካዋል፤ ስክሪን ደግሞ ከጥርስ የበለጠ ይታመናል።

እናንተም አላችሁበት

«ይሄ የገበሬና የነጋዴ ጉዳይ ነው፤ እኔ ቦሌ ተቀምጬ ምን አገባኝ?» የምትል አንባቢ ካለህ፣ ወዳጄ፣ ና ወደ ስኒህ እንመለስ።

ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። ለብዙ ዓመታት ደግሞ ለውጭ ገበያ የሚመጥነው ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ሲከለክል ኖሯል። እዚህ የሚቀረው ለውጭ የማይበቃው ነው። የማይበቃበት ምክንያት አንዳንዴ መሰበር ነው፣ አንዳንዴ መጠን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ እርጥበትና እርጥበቱ የወለደው ሻጋታ ነው። ፈረንጅ «አልፈልግም» ያለውን በጀበና እናፈላለን፣ ዕጣን እናጨስበታለን፣ «ቡና ጠጡ!» እንላለን።

ፈረንጁ ምን እንደፈራ ልንገራችሁ። በደንብ ባልደረቀ ቡና ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች ኦክራቶክሲን ኤ የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ኩላሊት ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ የሚታወቅ ነው፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅትም ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉት መካከል መድቦታል። ሲቆላ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ውስጥ የሚፈቀደውን መጠን በኪሎ 5 ማይክሮ ግራም አድርጎ ቆይቶ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 3 አወረደው። ቡና እንዳትጠጡ እያስፈራራኋችሁ አይደለም፤ እኔም አሁን ይህን ስጽፍ እየጠጣሁ ነው። የምለው፣ የአውሮፓ ጠጪ የሚጠብቅለት ቁጥር አለው። አንተስ? ከመርካቶም ሆነ ከሰፈርህ ሱቅ ጥሬ ቡና ስትገዛ «እርጥበቱ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? ብትጠይቅ ሻጩ እንዴት እንደሚያይህ አስበው።

«እኛ እኮ ቡናውን አጥበን ነው የምንቆላው፤ ታጥቦ እርጥብ ከሆነ የምን እርጥበት ነው የምታወራው?» የምትሉ እናቶች ትኖራላችሁ፤ ጥያቄው ጥሩ ነው። እጥበቱ አቧራና ገለባ ያነሳል፤ ውኃው ግን ከላይ ነው፣ ምጣድ ላይ በደቂቃ ውስጥ ይተናል። እዚህ የማወራው ፍሬው ውስጥ ለሳምንታት ስለተቀመጠው ውኃ ነው። እሱ ነው ቡናውን ከውጭ አሳርሮ ከውስጥ ጥሬ የሚያደርገው። አንዱ ፍሬ ጥቁር፣ አንዱ ቡኒ፣ አንዱ ቢጫ ሆኖ የሚቆላ ቡና ገጥሟችሁ አያውቅም? አቆላላችሁ ላይ ብቻ አትፍረዱ፤ የተለያየ ድርቀት ያላቸው ቡናዎች ተደባልቀው ይሆናል።

አንድ ንጽጽር ልጨምርና ይህን ክፍል ልዝጋ። አውሮፓ ውስጥ ባለ መዓዛ የፒፓ ትምባሆ የሚያጨሱ ሽማግሌዎች ፒፓቸውን ከመሙላታቸው በፊት ትምባሆውን በሁለት ጣታቸው ይቆነጥጡታል። ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው፣ ወረቀት ላይ ዘርግተው ይጠብቁታል። ከደቀቀ ደርቋል፣ መልሰው ያረጥቡታል። ቀስ ብሎ ከተበተነ «ልኩ ነው» ብለው ይለኩሱታል። ማጨስ እያስተዋወቅኩ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ማጣፈጫ የተጨመረበት ትምባሆ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው፣ ተከልክሎም ይቅር። ያስቀናኝ ሌላው ነው። ሰውዬው ለሚያቃጥለው፣ ለሚጎዳው ቅጠል እርጥበት ይህን ያህል ይጨነቃል። እኛ ልጆቻችንን ቁጭ አድርገን ለምንጠጣው፣ ሦስት ጊዜ ለምንመርቅበት ቡና አንጨነቅም። ባህላችን ነው እያልን!

ቡና ብቻ መሰላችሁ?

ከካፋ የሚመጣ መልካም ነገር ሁሉ በዚህች አንዲት ነገር ይፈተናል። ማሩን ውሰዱ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለማር የሚፈቅደው እርጥበት 20 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ማሩ ይፈላል፣ ይኮመጥጣል። ገና ሰም ያልተደፈነበትን እንጀራ ቀድሞ የቆረጠ ሰው ውኃ ነው የቆረጠው። ኮረሪማውንም ውሰዱ። ቀይ ሆኖ ከጫካ ይለቀማል፤ ፀሐይ ሲጠፋ ምድጃ በላይ ይሰቀላል፤ ጢስ ይጠጣል። ወጥ ውስጥ ስትጨምሩት ኮረሪማ ኮረሪማ ከማለት ይልቅ ጭስ ጭስ የሚለው ለዚህ ነው። ማድረቂያ ሥፍራ ያልሠራንለት ገበሬ ምድጃውን ቢጠቀም ጥፋቱ የማን ነው?

እና ምን ይደረግ?

ነቅፎ መሄድ ቀላል ነው ትሉኛላችሁ፤ እሺ፣ የምጠይቀውን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ቡና በሚገዛበት ቦታ ሁሉ፣ መንደር ድረስ፣ የተፈተሸ እርጥበት መለኪያ ከሚዛኑ ጎን ይቀመጥ። ቁጥሩ ገበሬው ፊት ይነበብ፤ ካርኒው ላይ ከኪሎው ጎን ይጻፍ። ካርኒ ላይ ያልተጻፈ እርጥበት ዋጋ መቀነሻ መሆን የለበትም። ቁጥር ከሌለ ቅናሽ የለም!

ሁለተኛ፣ ዋጋው በ12 በመቶ ይሰላ። ከዚያ በላይ የሆነው በሠንጠረዥ ይቀነስ፤ ከዚያ በታች፣ እስከ 10 ድረስ፣ በዚያው ሠንጠረዥ ይጨመር። ሠንጠረዡ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በአማርኛም በካፊኖኖም። ሁለቱም ጫፍ ከሌለ ሠንጠረዡ መቀጫ ብቻ ነው የሚሆነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ቡና መገኛ የሚወጣው ብር ትንሹ እንኳ ወደ ማድረቂያ አልጋ፣ ወደ ሸራና ወደ ደረቅ መጋዘን ይሂድ። ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቆሟል፤ ደስ ይላል፣ ይጎብኝ። ግን የሙዚየሙ ጎብኚ ሊያየው ከሚገባው ነገር አንዱ ዛሬ፣ በዚህ ሳምንት፣ በዴቻ ወይም በጊምቦ የሚደርቀው ቡና ስንት በመቶ ላይ እንደደረሰ የሚያሳይ ሰሌዳ ነው። ያለፈው ብቻ የሚታይበት ቤት ለቡና አይበቃውም፤ ቡና ገና አልሞተም።

አራተኛው የኛ ነው፤ የከተሜዎች። ጥሬ ቡና ስትገዙ ጠይቁ። እፍኝ ወስዳችሁ አሽቱ። ሻጋታ ወይም እርጥብ ጆንያ ከሸተታችሁ አትግዙ። ከጠረጠራችሁ ቤት ውስጥ የምትሞክሩት አለ፦ ምጣድ ላይ በደንብ ያደረቃችሁትን ጨው አቀዝቅዛችሁ ደረቅ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከቡናው ጋር ጨምሩ፣ ክደኑት፣ ነቅንቁት፣ ጥቂት ቆዩ። ጨው ማሰሮው ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ቡናው 15 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ካልተጣበቀ ቢያንስ ከዚያ በታች ነው፤ 12ን ግን አይነግራችሁም። ቡናችሁን ደግሞ ማድቤት ከሚፈላው ድስት አጠገብ በክፍት ፌስታል አታስቀምጡት። ገበሬው በአራት ሳምንት ያወጣውን ውኃ እናንተ በአንድ ክረምት ትመልሱለታላችሁ።

«ቡናን ለዓለም ያበረከትን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። እውነት ነው፣ አበርክተናል። ግን ስጦታውን ያበረከተው ሰው ልጅ ልጅ ዛሬ ቦንጋ ገበያ ላይ ቆሞ የሌላ ሰው ጥርስ እየጠበቀ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ መገኛ ልትከራከሩ ስትቀመጡ፣ ካፋ በሉ፣ ጅማ በሉ፣ እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነው፦ እዚያ መንደር ውስጥ ዛሬ ስንት መለኪያ አለ? መልሱ «አላውቅም» ከሆነ ክርክሩን አቁሙና መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።